የኢፍጣር ማዕድ የሚመግበው እኛን ብቻ አይደለም

የረመዳን ወር ሲገባ የቤተሰብ የምግብ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ቀን ይበላ የነበረው ወደ ሌሊት ይዛወራል። ከአስር ሶላት በኋላ ኩሽናው ሥራ ይበዛበታል፤ ሾርባው ይጣዳል፣ ሳምቡሳው ይጠቀለላል፣ ተምሩ ይታጠባል፣ አብሹ ይመታል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቤተሰቡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። ጎረቤት ለጎረቤት ሳህን ይላላካል፣ መስጊድ ለሚያፈጥሩም ሰደቃ ይላካል።

በዚሁ በተባረከ ወር ግን በየቤቱ ዝግ ባለ ድምፅ የሚነገር ቅሬታ አለ። አንዱ ሆዴ ደረቀ ይላል፤ ሌላው ሆዴ ተነፋ፣ ቃር አስቸገረኝ ይላል። ካፈጠሩ በኋላ ሆድ ከብዷቸው ተራዊህ መቆም የሚያቅታቸው አሉ። ኪንታሮት ያለባቸው ሰዎችና አዛውንቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቸገራሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በጾሙ ላይ ነው። ነገር ግን በአገራችን የጾሙ ሰዓት ከ13 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ጤነኛ ሰውነት ይህን ያህል ጊዜ ያለ ምግብ መቆየት አይከብደውም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቀሪዎቹ የሌሊት ሰዓታት ከምንበላውና ከምንጠጣው ነው። በተለይም በሆዳችን ውስጥ የሚኖሩ፣ ከእኛ ማዕድ ድርሻቸውን የሚጠብቁ ጥቃቅን ነዋሪዎችን ከመርሳታችን ነው።

በአንጀት ውስጥ ያለው ማኅበረሰብ

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ስሌት ያመለክታል። ሁሉም በአንድነት ቢመዘኑ 200 ግራም ያህል ብቻ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት፣ የአገራችን ሰው ደንዳኔ በሚለው ክፍል ውስጥ ነው።

የምንበላው ምግብ በጨጓራና በቀጭኑ አንጀት ሲያልፍ ስኳሩ፣ ስቡና ፕሮቲኑ እዚያው ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። ከጥራጥሬ፣ ከእህል ገለባ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው አሰር ወይም ፋይበር ግን ሰውነታችን ሊፈጨው የሚችልበት ኢንዛይም ስለሌለው ሳይነካ ያልፍና ደንዳኔ ይደርሳል። ለእኛ ትርፍ የመሰለው ነገር ለባክቴሪያዎቹ ማዕድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አሰሩን እያብላሉ ይመገቡታል፤ በምላሹም አጫጭር ሰንሰለት ያላቸው የሚባሉ የስብ አሲዶችን ያመነጫሉ። ዋናዎቹ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ናቸው።

ከሦስቱ ቡቲሬት ልዩ ቦታ አለው። የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት አብዛኛውን የሚያገኙት ከስኳር ሳይሆን ከዚህ ንጥረ ነገር ነው። እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ውስጥ በመጠኑ ኮምጣጣ ስለሚያደርጉት ለብዙ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ምቹ እንዳይሆን ያደርጋሉ። የአንጀትን እንቅስቃሴም ያግዛሉ።

ሥራው ደቦን ይመስላል። ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት አሰሩን ሰባብረው ከተመገቡ በኋላ አሴቴትና ላክቲክ አሲድ ይለቃሉ፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንን ተቀብለው ወደ ቡቲሬት ይለውጡታል። የአንዱ ትራፊ ለሌላው ምግብ ይሆናል። ከደቦው አንዱ ወገን ምግብ ሲያጣ ሥራው በሙሉ ይዳከማል።

ምግቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2016 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር አሳይቷል። የሰው የአንጀት ባክቴሪያ እንዲኖርባቸው የተደረጉት አይጦች አሰር የሌለው ምግብ ሲሰጣቸው፣ ባክቴሪያዎቹ ፊታቸውን የአንጀትን ግድግዳ ወደሚሸፍነው ዝልግልግ ሽፋን አዞሩ። ሽፋኑን እየተመገቡ አሳሱት፤ አይጦቹም ለአንጀት ኢንፌክሽን ይበልጥ ተጋለጡ። የአይጥ ነገር በቀጥታ ለሰው አይገለበጥም፤ ሆኖም እንግዳውን ጋብዞ ምግብ የከለከለ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያስታውሰናል።

ሁለቱ ተመሳሳይ ስሞች

ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ የሚሉት ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ልዩነታቸው ግን ቀላል ነው። ፕሮባዮቲክ ራሱ ሕይወት ያለው ጠቃሚ ተህዋስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ትርጓሜ፣ በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ተህዋስ ማለት ነው። ፕሪባዮቲክ ደግሞ ሕይወት የለውም፤ ለእነዚህ ጠቃሚ ተህዋስያን ተመርጦ የሚቀርብ ምግብ ነው። አንዱ ዘር ነው፣ ሌላው ማዳበሪያ።

ሐሳቡ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሄንሪ ቲሲየ የተባለው የፈረንሳይ ተመራማሪ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የእናት ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ዛሬ ቢፊዶባክቴሪያ የምንላቸውን አገኘ። በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው፣ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ደግሞ የረጋ ወተት የሚያዘወትሩ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት በወተቱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የብዙዎች ትኩረት ባክቴሪያውን ከውጭ በማስገባት ላይ ሆነ። ግሌን ጊብሰንና ማርሴል ሮበርፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1995 ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አዩት። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ድሮም በሆዳችን አሉ፤ ታዲያ አዲስ ከማስገባት ይልቅ ያሉትን ለምን አንመግብም? ፕሪባዮቲክ የሚለውን ስም ያወጡት እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አሰር ሁሉ ፕሪባዮቲክ አይደለም። አንዳንዱ አሰር ባክቴሪያዎቹ ብዙም ሳይነኩት ውሃ ይዞ ሰገራን በማለስለስና በመጠን በማብዛት ብቻ ይጠቅማል። ይህም ቢሆን ትንሽ ጥቅም አይደለም። ተመራማሪዎች ሳያወላውሉ ፕሪባዮቲክ ብለው የሚጠሩት በነጭ ሽንኩርትና በቀይ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኘውን ኢኑሊንና ዘመዶቹን ነው። የገብስና የአጃ ቤታ ግሉካን፣ እንዲሁም ቀጭኑ አንጀት የማይፈጨው ስታርች በባክቴሪያ የሚብላሉ ጠቃሚ ምግቦች ሆነው ከእነርሱ ጎን ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ፕሪባዮቲክ የእናት ጡት ነው

ባክቴሪያን መመገብ የሰው ፈጠራ አይደለም። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኙት ጠጣር ንጥረ ነገሮች ሕፃኑ ፈጽሞ ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ዓይነታቸው ከ200 ይበልጣል። ሕፃኑ የማይጠቀምበትን ምግብ እናት ለምን ታመርታለች? መልሱ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ነው። ሰንሰለቶቹ ሳይፈጩ ደንዳኔ ደርሰው ቢፊዶባክቴሪያን ይመግባሉ፤ እነዚያም በርክተው የሕፃኑን አንጀት ከጎጂ ተህዋስያን ይጠብቃሉ። አር-ረዛቅ የሆነው ጌታ ሲሳይን ያዘጋጀው ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑን ለሚጠብቁት ጥቃቅን ፍጥረታትም ጭምር መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ቁርኣን ጡት ማጥባትን ለሚሞሉ ሰዎች ሁለት ሙሉ ዓመት መጥቀሱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

በዚህ አጋጣሚ የሚያጠቡ እናቶች በረመዳን ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ከሰጉ ሸሪዓው እፎይታ የሰጣቸው መሆኑን መርሳት የለባቸውም። የሐኪምን ምክር ከዑለማ ማብራሪያ ጋር አጣምሮ መወሰን ይበጃል።

ሁለት ሳምንት ምን ይለውጣል?

አንድ ሰው አመጋገቡን ለአንድ ወር ቢለውጥ በእርግጥ የሚመጣ ለውጥ ይኖራል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፒትስበርግ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን 20 ሰዎችን፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር ደግሞ 20 ሰዎችን መርጠው ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን አቀያየሯቸው። አሜሪካውያኑ በበቆሎ ገንፎ፣ በባቄላና በአትክልት ላይ የተመሠረተውን የአፍሪካ ገጠር ምግብ በሉ፤ በቀን የሚያገኙት አሰርም ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ከፍ አለ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ሥጋና ስብ የበዛበትን የአሜሪካ ምግብ በሉ፤ አሰራቸው ከ66 ግራም ወደ 12 ግራም ወረደ።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሆኖም በአሜሪካውያኑ አንጀት ውስጥ የሚመረተው ቡቲሬት ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል አደገ፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ የነበረው የመቆጣት ምልክትም ቀነሰ። በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ጥናቱ በሽታ ተፈወሰ ወይም መጣ አላለም፤ የለካው ከአንጀት ካንሰር ጋር ተያይዘው የሚታዩ ምልክቶችን ነው። ለእኛ ግን ትልቅ መልእክት አለው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ጥናቱ ከወሰደው ጊዜ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ወሩ የአንጀትን ማኅበረሰብ ለመገንባትም፣ ለማዳከምም በቂ ነው።

ጾሙ ራሱስ ምን ያደርጋል? በቱርክ በረመዳን ጾመኞች ላይ የተደረገ ምርምር በወሩ መጨረሻ አከርማንሲያ የሚባለው፣ ከጥሩ የሰውነት ጤና ጋር የሚያያዘው ባክቴሪያ መጨመሩን አይቷል። ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም የተሳተፉት 9 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ የመጨረሻ ቃል አድርጎ መያዝ አይገባም።

ከማዕዳችን ላይ ያለው

ደስ የሚለው ነገር ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሆነው ምግብ ከሩቅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው ድሮም በረመዳን ማዕዳችን ላይ ያለ ነው።

ተምር፦ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በእሸት ተምር፣ ካልተገኘም በደረቅ ተምር፣ እርሱም ካልተገኘ በውሃ ያፈጥሩ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ተምር ከስኳሩ ጋር ከ100 ግራሙ ውስጥ ከ7 እስከ 8 ግራም የሚደርስ አሰር ይዟል። ቶሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ለአንጀትም ድርሻውን ያቀብላል። የተምር ጭማቂ ወይም ሽሮፕ ግን ስኳሩን ይዞ አሰሩን ጥሎ ስለሚመጣ ምትክ አይሆንም።

የገብስና የአጃ ሾርባ፦ በሐዲስ ለታመመና ላዘነ ሰው የተመከረው ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሾርባ ነው፤ ስሙም በወተት መሰል ንጣቱ ከወተት ቃል የመጣ ነው። የእኛ የገብስ ሾርባና አጥሚት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የገብስና የአጃ ቤታ ግሉካን ሾርባውን የሚያጠብቀው ዝልግልግ ነገር ሲሆን የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፤ በቀን 3 ግራም ያህል ሲወሰድም ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ሾርባውን ከገብስ ክክ መሥራት ከስንዴ ዱቄት ወይም ከታሸገ የሾርባ ቅመም እጅግ ይሻላል። ለሱሁር ደግሞ በሶ አለ፤ በሶም ያው ገብስ ነው።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፦ ከተቀቀለ ምስር 100 ግራሙ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ አሰር ነው። በዚህ ረገድ የድፍን ምስር ሳምቡሳ ከሥጋው ይበልጣል። ሳምቡሳን ከረመዳን ማዕድ ማውጣት የሚሞክር የለም፤ አይገባምም። ግን ከእጅ ጣት ብዛት ወደ ሁለት ዝቅ ቢል፣ ዘይቱ ደጋግሞ የተቃጠለ ባይሆን፣ የተቀረው ቦታም ለምስር ወጥና ለሰላጣ ቢተው ሆድ ያመሰግናል።

ሽንኩርት፦ የነጭ ሽንኩርት ክብደት አሥራ ያህል በመቶው ኢኑሊን ነው። በየወጡ ቁሌት ውስጥ የሚገባው ቀይ ሽንኩርትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የአበሻ ኩሽና ሳያውቀው ለዘመናት ፕሪባዮቲክ ሲያበስል ኖሯል ማለት ይቻላል።

አብሽና ተልባ፦ በረመዳን በየቤቱ የሚመታው አብሽ ውሃ ሲነካው የሚያብጠው በሚብላላ አሰር ስለተሞላ ነው። ተልባም ከ100 ግራሙ 27 ግራም ገደማ አሰር ነው። ሁለቱንም ስኳር አብዝቶ ማጣፈጥ ግን ጥቅማቸውን ይሻማል።

ፍራፍሬ፦ ስፕሪስ ተብሎ የሚቀርበው የአቮካዶ፣ የፓፓያና የማንጎ ጭማቂ ሳይጠለል ስለሚጠጣ አሰሩ አብሮት አለ፤ ችግሩ የሚጨመርበት ስኳር ነው። ተጠልሎ የሚቀርብ ጭማቂና በዱቄት የሚበጠበጥ መጠጥ ግን ለባክቴሪያዎቹ የሚተርፍ ነገር የላቸውም።

ቀዝቅዞ የሚበላ ድንችና ሩዝ፦ ድንች ወይም ሩዝ ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ከፊሉ ቀጭኑ አንጀት ሊፈጨው ወደማይችለው ዓይነት ይለወጣል፤ ደንዳኔ ደርሶም የባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። ከኢፍጣር የተረፈው ለሱሁር ሲቀመጥ ግን ሁለት ሰዓት ሳያልፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት፤ በተለይ ሩዝ ውጭ ካደረ የምግብ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

እንጀራና እርጎ፦ የቱ ሕያው ነው?

እንጀራ በእርሾ ስለሚቦካ ፕሮባዮቲክ ነው የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። በሊጡ ውስጥ እርሾዎችና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ይሁንና የጋለ ምጣድ ላይ ሲጋገር ይሞታሉ። በስልጤና በጉራጌ ቤት በጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው ቆጮም ሲጋገር እንዲሁ ነው። ይህ ግን ዋጋቸውን አያሳጣም፤ ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ በእንጀራው ውስጥ ይቀራል። ማቡካቱም በእህሉ ውስጥ የተያዘውን ብረትና ዚንክ ለሰውነት ይበልጥ ያቀርባል። እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ባይሰጠንም ያሉንን ባክቴሪያዎች ይመግባል።

ሕያው ሆኖ የሚቀርበው እርጎ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ካልፈላ ወይም ወጥ ውስጥ ካልገባ በቀር ሕያው ሆነው ሆድ ይደርሳሉ። አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው፤ ጥቂት ቀን ቆይተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ቢዘወተር ነው የሚጠቅመው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ካልፈላ ወተት የሚዘጋጅ እርጎ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መርጋቱ እነዚህን ተህዋስያን ለመግደል ዋስትና አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ፣ ከደህና እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምሮ በንጹሕ ዕቃ ማርጋት።

በሶ በእርጎ ተበጥብጦ፣ ሙዝ ወይም ተምር ተጨምሮበት ለሱሁር ቢቀርብ ዘሩና ማዳበሪያው በአንድ ሳህን ተገናኙ ማለት ነው።

ሂሳቡን እንሥራ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ 21 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ 15 ግራም ነው።

በኢፍጣር ሦስት ተምር ወደ 2 ግራም ይሰጣሉ። 30 ግራም ያህል የገብስ ክክ የገባበት አንድ ሳህን ሾርባ 5 ግራም ገደማ፣ 150 ግራም የሚሆን የምስር ወጥ 12 ግራም ይጨምራል። ለሱሁር አንድ ሙዝ 3 ግራም፣ ትንሽ የተቀቀለ ጎመን 4 ግራም፣ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 2 ግራም። እንጀራውን ሳንቆጥር 28 ግራም ደረስን። ወጪውም ከሥጋ ሳምቡሳና ከታሸገ ጭማቂ ያነሰ እንጂ የበለጠ አይሆንም። በነጭ ዱቄት ጥብስ፣ በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ያፈጠረ ሰው ግን ሆዱ ጢም ብሎ ሳለ ከ25 ግራሙ ሩቡን እንኳ ላያገኝ ይችላል። እርሱ ጠግቧል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ጾማቸውን አድረዋል።

የሱሁር ድርሻ በተለይ ትኩረት ይፈልጋል። ምግብ ከተበላ በኋላ ደንዳኔ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ እዚያም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ከፈጅር በፊት የተበላው ገብስ ወይም ባቄላ እኛ ጾመኛ ሆነን በምንውልበት ቀን ለባክቴሪያዎቹ ሥራ ይሆናል። በሱሁር ውስጥ በረካ መኖሩን የሚነግረው ሐዲስ ሱሁርን እንዳንዘል ያበረታታናል። ሻይና ብስኩት ቀምሶ መተኛት ግን በረካውን ማሳነስ ይሆናል።

መጠንና ጥንቃቄ

አሰር የለመደ ሆድና ያልለመደ ሆድ አንድ አይደሉም። በአንድ ቀን ከዝቅተኛ መጠን ወደ ብዙ ምስርና ተልባ የዘለለ ሰው መነፋትና ጋዝ ይገጥመዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉ ጋዝ ያወጣሉና። በመጀመሪያው ሳምንት በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይበጃል። ውሃም አብሮ መሄድ አለበት፤ አሰር ያለ ውሃ ድርቀትን ሊያብስ ይችላል። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት ጥሩ ነው። የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ መተውን የሚመክረው የታወቀው ሐዲስ እዚህ ላይ ከሐኪም ምክር ጋር ይገጥማል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ወገኖች ለመጾም ከመወሰናቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። አብሽ የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል ከመድኃኒት ጋር ሲሆን ጥንቃቄ ይሻል። ነፍሰ ጡሮችም አብሽን ማብዛት የለባቸውም። ተልባ ዝልግልግ በመሆኑ የሚዋጥ መድኃኒት በደንብ እንዳይሠራ ሊያደርግ ስለሚችል ከመድኃኒቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማራቅ ይመከራል። ሽንኩርትና ጥራጥሬ የሚያስቸግራቸው፣ አንጀታቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሰዎች የሚስማማቸውን በትንሽ በትንሹ ይለዩ። ሰገራ ላይ ደም ያየ፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ ወይም ድርቀቱ ከሳምንታት በላይ የቆየበት ሰው ወደ ጤና ተቋም እንጂ ወደ ተልባ መሮጥ የለበትም።

ሌላው የአንጀት ማኅበረሰብ ጠላት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ነው። ሆዴን ቆረጠኝ ባሉ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ ጎጂውንም ጠቃሚውንም አብሮ ያጭዳል፤ መድኃኒቱን የለመዱ ተህዋስያንንም ያበዛል። ሐኪም ያዘዘውን ግን በታዘዘው መሠረት መጨረስ ግዴታ ነው፤ የመዋጫ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻልም ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

እንክብል እንግዛ ወይ?

በመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ፕሮባዮቲክ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው እንክብሎች እየበዙ ነው። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ይልካሉ። አንዳንዶቹ ለተለየ ችግር፣ ለምሳሌ አንቲባዮቲክ የሚያስከትለውን ተቅማጥ ለመቀነስ ጠቃሚ መሆናቸው ታይቷል። ለጤነኛ ሰው በየቀኑ ያስፈልጋሉ የሚል ማስረጃ ግን የለም። ጥቅሙም እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ይለያያል፤ በሙቀት የተቀመጠ እንክብል ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ሞተው ሊገኙም ይችላሉ። የሰውነት መከላከያቸው በጣም ለተዳከመ ሕሙማንና ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ያለ ሐኪም ውሳኔ መስጠት አደገኛ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ባክቴሪያውን በእንክብል አስገብቶ ምግብ መከልከል ዘር ዘርቶ ውሃ እንደመንፈግ ነው። ለእንክብሉ የታሰበው ገንዘብ ገብስ፣ ምስርና አትክልት ቢገዛበት ቤተሰቡን በሙሉ ይጠቅማል፤ የተረፈውም የጎረቤት ኢፍጣር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል በኩሽና ለሚደክሙት እናቶችና እህቶች ተጨማሪ ሸክም ለመጫን አይደለም። እንዲያውም ሸክሙ ሊቀል ይችላል። በየምሽቱ ትኩስ ዘይት ፊት ከመቆም ይልቅ ምስሩን በአንድ ጊዜ ቀቅሎ ለሁለት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የገብስ ክኩን ጠዋት መዘፍዘፍ፣ በሶውን በወሩ መግቢያ ማዘጋጀት ይቻላል። ሽንኩርቱን መክተፍና ተምሩን መደርደር ደግሞ የአባትና የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤት ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር የተዘገበውን ማስታወስ በዚህ ወር መልካም ነው።

በረመዳን የተለወጠ ማዕድ ከዒድ አል-ፈጥር በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ ባክቴሪያዎቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ዘውታሪነት ነው። ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ የተወደደ መሆኑን ያስተማረን ዲን ለሆዳችንም ያንኑ ይመክረናል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ማዕዳችንን ይባርክልን። ረመዳን ሙባረክ!